አሌክሳንደር ሃሚልተንን ከደሴት መጋዘን አውጥቶ ዋሽንግተን ጎን ያደረሰው ምንድን ነው?

ሊያ አንባቢ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ አሜሪካ መሥራቾች እያነበብኩ ነው፤ አሌክሳንደር ሃሚልተን ላይ ስደርስ ግን ማለፍ አቃተኝ። የሌሎቹ አነሳስ ብዙ አያስቸግርም። ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰንና ማዲሰን መሬትና ባሪያ ያለው ቤት ተወለዱ። ጆን አዳምስ የገበሬ ልጅ ቢሆንም ሃርቫርድ ድረስ ልኮ ያስተማረው አባት ነበረው። ሃሚልተን ግን ምንም አልነበረውም። የተወለደው ካሪቢያን ውስጥ፣ ኔቪስ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ፣ ከጋብቻ ውጭ ነው። አባቱ ጥሏቸው ሄደ። እናቱ በ1768 ሞተች (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ ቢበዛ 13 ዓመቱ ነው። በ1789 ደግሞ የአዲሲቱ አገር የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ እናገኘዋለን። በመሀል ያለው 21 ዓመት ብቻ ነው!

ብዙ ቦታ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። በ1772 ስለ አውሎ ነፋስ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሰው ተደነቀ፣ ገንዘብ አዋጥተው አሜሪካ ላኩት ይላል። ይኼ አልዋጥልኝ ብሎኛል። አንድ ደብዳቤ ይህን ሁሉ ያደርጋል? ደግሞ ጄምስ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። የአንድ አባትና እናት ልጆች ናቸው፣ ያደጉት አንድ ቤት ነው፣ መከራውም ያው ነው። ጄምስ ግን አናጺ ጋ ሙያ እንዲማር ተሰጠ፣ ኑሮውም እዚያው ካሪቢያን ቀረ። ታዲያ ታናሹን ምን ለየው? ጭንቅላቱ ብቻ ነው? ዕድል ነው? ወይስ ከጀርባው ሰው ነበረው? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ፣ ረጅም ቢሆንም አነባለሁ።

ትዕግሥት ዘሕግ

ሊያ፣ መጀመሪያ ከየት እንደተነሳ በደንብ እንየው። "ወላጅ አልባ ነበር" ብሎ ማለፍ ነገሩን ያቀለዋል። ባዶ እጁን ያስቀረው ሕጉ ራሱ ነው።

እናቱ ሬቸል ፎሴት በወጣትነቷ ላቪን የሚባል ነጋዴ አግብታ ሴንት ክሮይ ደሴት ትኖር ነበር። ሴንት ክሮይ ያኔ የዴንማርክ ቅኝ ግዛት ናት። ትዳሩ አልሆነላትም። ባልየው በምንዝር ከሰሳትና በ1750 ክርስቲያንስቴድ ከተማ፣ ምሽግ ውስጥ ለወራት አሳሰራት። ስትፈታ ወደ እሱ አልተመለሰችም፣ ልጇንም ደሴቲቱንም ጥላ ሄደች። ከአሌክሳንደር አባት ከጄምስ ሃሚልተን ጋር መኖር የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ጄምስ የስኮትላንድ ባላባት ልጅ ነው፣ ግን አራተኛ ልጅ ስለሆነ ርስቱ አይደርሰውም፣ ካሪቢያን የመጣበት ንግድም አልቀናውም። ላቪን በ1759 ፍቺ ሲያስፈርድ ፍርድ ቤቱ ለእሱ እንደገና የማግባት መብት ሰጠው፣ እሷን ግን ከለከላት። ይህ ማለት ከሃሚልተን የወለደቻቸው ሁለቱ ወንዶች ልጆች ሕጋዊ የሚሆኑበት መንገድ በፍርድ ተዘጋ ማለት ነው።

በ1765 ቤተሰቡ ሴንት ክሮይ ገባ። አባትየው ለአሠሪው ዕዳ ሊያስከፍል ነበር የመጣው፣ ብዙም ሳይቆይ ጥሏቸው ሄደ፣ አሌክሳንደርም ዳግመኛ አላየውም። ሬቸል ክርስቲያንስቴድ ውስጥ ትንሽ መደብር ከፈተች። በጨው የተቀመጠ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሩዝና ዱቄት ለእርሻ ባለቤቶች ትሸጥ ነበር። በ1768 መጀመሪያ እሷም አሌክሳንደርም በንዳድ ተያዙ። ልጁ ተረፈ፣ እሷ ፌብሩዋሪ 19 ሞተች። በዚያው ሌሊት የውርስ ፍርድ ቤት ሰዎች መጥተው ዕቃውን አሸጉት። ከዚያ ያ ጥላው የሄደችው የመጀመሪያ ልጇ፣ ፒተር ላቪን፣ ወራሽ ሆኖ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱ ልጆች ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ናቸው ብሎ ያለውን ሁሉ ለፒተር ሰጠው። አሌክሳንደር የተረፈው 34 መጻሕፍት ናቸው፣ እነሱም ሐራጅ ወጥተው ዘመድ ስለገዛቸው ነው።

በዚህም አላበቃም። ሞግዚት ሆኖ የተሾመላቸው የአክስታቸው ልጅ ፒተር ሊተን በ1769 ራሱን አጠፋ። በወሩ የሟቹ አባት ጄምስ ሊተን ሞተ። የሁለቱም ኑዛዜ ላይ የእነዚህ ልጆች ስም የለም።

የተወለደበትን ዓመትም ላንሳ፣ ማነጋገሩ ስለማይቀር። ሃሚልተን ራሱ 1757 ይል ነበር። የውርስ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ግን በ1768 የ13 ዓመት ልጅ ነው ይላል፣ ይህ ወደ 1755 ይወስደናል። እኔ የፍርድ ቤቱን አምናለሁ። ያንን ወረቀት የሞላው ሰው የሚዋሽበት ምክንያት አልነበረውም።

ጋሽ መዝገቡ

ሊያ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሂሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሃሚልተንን የማየው ከዚያ በኩል ነው። ስለ አውሎ ነፋሱ ሁሉም ያወራል፣ ከዚያ በፊት ስለነበሩት የመጋዘን ዓመታት ግን አንድ አረፍተ ነገር ጽፈው ያልፋሉ። እኔ ሚስጥሩ እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ልጁ ቢክማንና ክሩገር በሚባል የኒው ዮርክ ነጋዴዎች የንግድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ገባ። የንግድ ቤቱ እናቱ ለመደብሯ ዕቃ ትወስድበት የነበረው ነው፣ ስለዚህ እንግዳ አልነበረም። ሥራው እንዲህ ቀላል እንዳይመስልሽ። ደሴቲቱ ሸንኮራ አገዳ ብቻ ነው የምታበቅለው። ስኳር፣ ሩምና ሞላሰስ ይወጣል፤ ሌላው ነገር ሁሉ፣ ዱቄቱም እንጨቱም ገመዱም ጡቡም በቅሎውም፣ በመርከብ ይገባል። ገንዘቡ ደግሞ የአንድ አገር አይደለም። የዴንማርክ አለ፣ የስፔን አለ፣ የፖርቱጋል አለ፣ የእንግሊዝ አለ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ እየመነዘረ መዝገብ ላይ ማስቀመጥ አለበት። የመርከብ አለቃ ይዋሻል፣ ገዢ ዕዳውን አይከፍልም፣ ዕቃ መንገድ ላይ ይበላሻል። ዕለት ተዕለት ዋጋ ይወጣል ይወርዳል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ከእጁ ላይ ነው የተማረው። ኋላ ላይ ራሱ ከተማረው ሁሉ እጅግ የጠቀመው ያ እንደነበር ይናገር ነበር ይባላል፤ እኔ አያጠራጥረኝም።

በ1771 መኸር አሠሪው ኒኮላስ ክሩገር ታሞ ለሕክምና ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ለ5 ወር ያህል ቤቱን የመራው ይሄ ልጅ ነው። በዚያ ጊዜ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። አንዱን ልንገርሽ። ተንደርቦልት የምትባል የቤቱ መርከብ ከስፔን ቅኝ ግዛት ዳርቻ በቅሎ ጭና መጣች። 48 ተጭነው 7ቱ መንገድ ላይ ሞተዋል። የደረሱትን 41 ሲያይ "አጽሞች" ብሎ ነው ለክሩገር የጻፈለት። መራመድ የቻሉትን 33 ወደ ግጦሽ ላካቸው። የቀሩት 8 ለሁለት ደቂቃ እንኳን ቆመው አይቆዩም ይላል። ቁጥሩን እይው። አላለቀሰም፣ ሰበብ አልደረደረም፤ ስንት ተጫነ፣ ስንት ሞተ፣ ስንት ይድናል፣ ከዚያ ምን አደረግኩ፣ በቃ። ለመርከቢቱ አለቃም ያለፈው ጉዞ ያደረሰውን ኪሳራ እያሰበ እንዲክስ አጥብቆ አሳሰበው። አለቃው ትልቅ ሰው ነው፣ ይሄ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ!

ምኞቱም የተደበቀ አልነበረም። በኖቬምበር 1769 ኒው ዮርክ ለትምህርት ለሄደው ጓደኛው ኤድዋርድ ስቲቨንስ በጻፈው ደብዳቤ የጸሐፊነቱን ኑሮ እንደሚንቀው፣ ከፍ ለማለት ሕይወቱን ሊሰጥ ዝግጁ እንደሆነ፣ ክብሩን ግን እንደማይሰጥ ይናገራል። ደብዳቤው የሚያልቀው ጦርነት በተነሳ ብሎ በመመኘት ነው።

አውሎ ነፋሱ ኦገስት 31 ቀን 1772 ደሴቲቱን መታ። ለአባቱ የጻፈው ደብዳቤ ኦክቶበር 3 በደሴቲቱ ጋዜጣ ወጣ፣ ወደ ማተሚያ ቤት የገፋፋው ሂዩ ኖክስ የሚባል የፕሪስቢቴሪያን ቄስ ነው። አገረ ገዢው ሳይቀር ጸሐፊው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ይህ እውነት ነው። ግን ገንዘቡን ያዋጡት ነጋዴዎች ደብዳቤውን ከማንበባቸው በፊት ልጁን በሥራው ያውቁት ነበር። ለማያውቁት ልጅ ማንም ነጋዴ ኪሱ አይገባም።

ናሆም ታሪክ

ጋሽ መዝገቡ፣ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፣ ስለ በቅሎዎቹም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ሁለት ነገር ግን መጨመር አለበት።

አንደኛው፣ ያ መጋዘን ዱቄትና በቅሎ ብቻ አልነበረም የሚያስተላልፈው። በጃንዋሪ 1771 በደሴቲቱ ጋዜጣ ክሩገርና ሸሪኩ ኮርትራይት ከአፍሪካ የመጡ 300 ባሪያዎች በክሩገር ግቢ እንደሚሸጡ ማስታወቂያ አውጥተዋል። ሃሚልተን ያኔ እዚያው ነው የሚሠራው። ሂሳብ የተማረበት መዝገብ ውስጥ ሰዎች እንደ ዕቃ ተጽፈዋል። እናቱ ራሷ ባሪያዎች ነበሯት፤ አጃክስ የሚባል ትንሽ ልጅ ለአሌክሳንደር እንዲያገለግል ተመድቦ ነበር፣ ውርሱ ሲሄድ እሱም ወደ ፒተር ላቪን ሄደ። ሃሚልተን ካደገ በኋላ ባርነትን ተቃውሟል። በ1779 ባሪያዎች ታጥቀው ነፃነታቸውን እንዲያገኙ የሚል ዕቅድ ደግፎ የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት ለነበረው ለጆን ጄይ ሲጽፍ የጥቁሮች ተፈጥሯዊ ችሎታ ከነጮቹ እንደማያንስ ተናግሯል። በ1785 ባሪያዎች ነፃ እንዲወጡ የሚሠራው የኒው ዮርክ ማኅበር ውስጥ ገባ። በዚያው ልክ ደግሞ ብዙ ባሪያ ካለው ቤተሰብ አግብቷል፣ ለእነሱም ከባሪያ ግዢና ሽያጭ ጋር የተያያዘ ሂሳብ ይዟል። ሁለቱንም ሳናይ "ከምንም ተነስቶ" ማለት ለእኔ ይከብደኛል። ከእሱ የባሰ ምንም የሌላቸው በዚያው ከተማ በሺዎች ነበሩ፣ ለእነሱ ማንም አላዋጣም።

ሁለተኛው የወንድሙ ነገር ነው። ሊያ፣ ጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ሞግዚታቸው ሲሞት ሁለቱ ተለያዩ። ጄምስ አናጺ ጋ ገባ። አሌክሳንደርን የተቀበለው ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል የተከበረ ነጋዴ ነው፣ የጓደኛው የኤድዋርድ አባት። አንደኛው ልጅ ማታ ማታ የሚበላው ልጆቹን ኮሌጅ ከሚልክ ሰው ጋር ነው፣ ሌላኛው ከመዶሻና ከመጋዝ ጋር ዋለ። ጄምስ ሰነፍ ነበር የሚል ማስረጃ የለም። በር የከፈተለት ሰው አልነበረም፣ ይኼው ነው።

ወደ ሰሜን ሲሄድም ባዶውን አልሄደም። ኖክስ ደብዳቤ አስይዞታል። ኒው ጀርሲ፣ ኤሊዛቤትታውን ትምህርት ቤት ሲገባ በእነ ዊሊያም ሊቪንግስተንና ኤላያስ ቡዲኖት ቤት ይገባ ይወጣ ነበር። ሊቪንግስተን ኋላ የኒው ጀርሲ ገዢ ሆነ፣ ቡዲኖት የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆነ። እንግዲህ ገና አገሩን ሳይለምድ ከማን ጋር እንደተቀመጠ እዩ።

ጋሽ መዝገቡ

ናሆም ልጄ፣ ስለ ባሪያዎቹ ያልከው መነሳት ነበረበት፣ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። በሰዎቹ ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ስቲቨንስ በር ከፈተ፣ እሺ። በሩ ተከፍቶላቸው የትም ያልደረሱ የነጋዴ ልጆችስ ስንት ናቸው? ሃሚልተን የትም ሲገባ ማንም መሥራት የማይፈልገውን ሥራ እያነሳ ነው የወጣው። ረጅም ደብዳቤ፣ የተዝረከረከ ሂሳብ፣ ማንም የማያነበው የንግድ መጽሐፍ። ሰዎቹ የሚረዱት ስለሚያዝኑለት ብቻ አልነበረም፣ ይፈልጉት ነበር።

ሊያ አንባቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የወንድሙ ነገር ገባኝ። አሁን የቀረኝ መካከለኛው ክፍል ነው። በ1773 አካባቢ ተማሪ ነው፣ በ1777 ዋሽንግተን አጠገብ ነው። 4 ዓመት! ይህ እንዴት ሆነ? ደግሞ ከዋሽንግተን ጋር ተጣልቶ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ሳሚ መድፈኛ

ይሄ የእኔ ክፍል ነው።

ከኤሊዛቤትታውን በኋላ ኒው ዮርክ፣ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ፣ የዛሬው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። በ1774 መጨረሻ ሳሙኤል ሲበሪ የሚባል ቄስ በገበሬ ስም እየጻፈ እንግሊዝን የሚቃወመውን የቅኝ ግዛቶቹን ኮንግረስ ሲያጥላላ፣ ሃሚልተን ስሙን ሳይጠቅስ መልስ አሳተመ፤ በ1775 መጀመሪያ ደግሞ ከመጀመሪያው የረዘመ ሁለተኛ መልስ አወጣ። ብዙ ሰው የጆን ጄይ ሥራ መስሎት ነበር ይባላል። በሜይ 1775 ሕዝቡ የኮሌጁን ፕሬዚዳንት ማይልስ ኩፐርን ሊደበድብ ሲመጣ ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆሞ በንግግር አቆያቸው፣ ኩፐር በዚያ መሀል አመለጠ። ኩፐር የንጉሡ ደጋፊ ነው፣ ሃሚልተን ደግሞ ተቃዋሚ። የሰካራም መንጋ ሰው ሲገድል ማየት ግን አልፈለገም። መንጋን መፍራቱ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም።

ማርች 14 ቀን 1776 የኒው ዮርክ የመድፈኛ ጓድ ሻምበል ሆኖ ተሾመ። የመድፍ ዕውቀቱን ሌላ መኮንን ፈትኖ ይችላል ብሎ መስክሮለታል። እዚህ ላይ የምወድለትን ነገር ልንገራችሁ። ወታደሮቹ ከኮንግረሱ ጦር መድፈኞች ያነሰ ደመወዝ እንደሚከፈላቸው ሲያውቅ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ጽፎ አስተካከለላቸው። ቀጥሎ አንድ የሃምሳ አለቃውን መኮንን አድርጉልኝ ብሎ ጠየቀ። ያኔ መኮንንነት ለጨዋ ልጆች የተተወ ነበር። ምክር ቤቱ ሰውየውን ሾመ፣ ወደፊትም ከበታች የሚነሳ ሰው እንዲሾም ወሰነ። ይሄን የጠየቀው ማን እንደሆነ አስቡት።

ከጓዱ ጋር ትሬንተንና ፕሪንስተን ተዋግቷል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ በጓዱ የደመወዝ መዝገብ ባዶ ገጾች ላይ ከፖስትልትዌይት የንግድ መዝገበ ቃላትና ከጥንታዊው ጸሐፊ ከፕሉታርክ ማስታወሻ ይገለብጥ ነበር። ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ አገሮች የንግድ ሚዛን፣ ስለ ሕዝብ ብዛት። መዝገቡ ዛሬም አለ። ፊት ለፊቱ የወታደር ደመወዝ ነው፣ ኋላው የኢኮኖሚ ትምህርት። ጋሽ መዝገቡ ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።

ሁለት ጄኔራሎች ረዳታችን ሁን ብለውት እምቢ ብሏል። የዋሽንግተንን ግን ተቀበለ፣ ማርች 1 ቀን 1777 በሌተና ኮሎኔል ማዕረግ። ዋሽንግተን የፈለገው ጀግና አልነበረም፣ ጀግናማ ሞልቶታል። ያጣው ጸሐፊ ነበር። በየቀኑ ለኮንግረሱ፣ ለ13ቱ ግዛቶች፣ ለጄኔራሎቹ ደብዳቤ መውጣት አለበት፤ የሚጠይቀውም ምግብ፣ ጫማ፣ ባሩድ ነው። ከዚያ ፈረንሳዮች ሊረዱ ሲመጡ ሃሚልተን ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ የእናቱ ወገን ፈረንሳዊ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በ1777 መጨረሻ ደግሞ ሳራቶጋ ላይ ካሸነፈው ጄኔራል ጌትስ ወታደር ቀንሶ እንዲያመጣ ወደ አልባኒ ተላከ። በድል የሰከረ አዛውንት ጄኔራል ፊት ቆሞ፣ ብዙ ተከራክሮ፣ ሁለት ብርጌድ አስለቀቀው።

ጠቡ እውነት ነው። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1781፣ ኒው ዊንድሰር፣ የዋሽንግተን ሰፈር። ሃሚልተን ደረጃ ሲወርድ ዋሽንግተን እየወጣ ተገናኙና እፈልግሃለሁ አለው። ሃሚልተን መጣሁ ብሎ ወረቀት አደረሰ፣ ሲመለስ ከፈረንሳዊው መኮንን ከላፋዬት ጋር ትንሽ ቆሞ አወራ። እሱ እንደሚለው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዋሽንግተን ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቀው፣ 10 ደቂቃ አስጠበቅከኝ፣ ንቀኸኛል አለው። ሃሚልተን እንዲህ አላሰብኩም፣ ግን እርስዎ እንዲህ ካሉኝ እንለያይ ብሎ መለሰ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዋሽንግተን ሌላውን ረዳቱን ቴንች ቲልማንን ልኮ ይቅር እንባባል አለ። እምቢ አለ! ከሁለት ቀን በኋላ ይህን ሁሉ ለአማቱ ለጄኔራል ስካይለር ዘርዝሮ ጻፈ፣ የምናውቀውም ከዚያ ነው።

እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ ደረጃው አልነበረም። የሌላ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ሰልችቶት ነበር፣ ጦር መምራት ፈለገ። ሹመቱን መልሶ እስከ መላክ ደርሶ በመጨረሻ የእግረኛ ሻለቃ አገኘ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14 ማታ፣ እንግሊዞች በተከበቡባት ዮርክታውን ላይ፣ 10 ቁጥር ምሽግን ያጠቃው ኃይል አዛዥ እሱ ነው። ጠመንጃቸው እንዳይባርቅና እንዳያጋልጣቸው ጥይት ሳያጎርሱ፣ በሳንጃ ብቻ ገቡ። ምሽጉ የተያዘው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። እንግሊዞች ኦክቶበር 19 እጃቸውን ሰጡ።

ትዕግሥት ዘሕግ

ሳሚ አማቱን በአንድ ቃል አለፈው እንጂ ጋብቻው ትልቅ ነገር ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 1780 አልባኒ ላይ ኤሊዛቤት ስካይለርን አገባ። ስካይለሮች ከኒው ዮርክ ትልልቅ ባለርስቶች አንዱ ናቸው። ከሙሽራው ወገን ዘመድ አልመጣም። ፍቅሩ የእውነት ነበር፣ ደብዳቤዎቹን ያነበበ አይጠራጠርም። ግን ትናንት ስም ያልነበረው ሰው በአንድ ቀን የሚጠጋበት ትልቅ ስም አገኘ።

ሕጉ ላይ ደግሞ ጉድ ነው የሠራው። በኒው ዮርክ ለጥብቅና ሦስት ዓመት ጠበቃ ጋ መሥራት ያስፈልግ ነበር። በጦርነቱ ትምህርታቸው ለተቋረጠ ሰዎች ግዴታው ለጊዜው ተነስቶ ስለነበር እሱም በዚያ ገባ። ከኮሌጅ ጓደኛው ሮበርት ትሩፕ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ የጠበቃውን የጄምስ ዱዌንን ቤተ መጻሕፍት እየተጠቀመ፣ በወራት ውስጥ አጥንቶ በ1782 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ለራሱ ጥናት ያዘጋጀው የፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓት ማስታወሻ በጣም ጥሩ ስለነበር ሌሎች የሕግ ተማሪዎች እየገለበጡ ተጠቀሙበት።

ለወንድሙ ነገር ልመለስ። በጁን 1785 ለጄምስ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ገንዘብ እንደሚልክለት፣ ወደፊት አሜሪካ ሊያመጣው እንደሚያስብ ይነግረዋል። ከዚያ ስለ አባታቸው ይጠይቃል። ውዱ አባታችን ምን ሆነ፣ ከሰማሁ ቆየሁ ይላል። ጥሏቸው ስለሄደው ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። ጄምስ በማግሥቱ ዓመት አረፈ። አባትየው እስከ 1799 በሕይወት ነበር፤ ልጁ ገንዘብ ላከለት፣ ና ብሎ ጠራው፣ አልመጣም።

ጋሽ መዝገቡ

እስከ 1789 ድረስ ያለውን ላሳጥረው፣ ሊያ ከመጻሕፍት ታገኘዋለች። ኮንግረስ ገባ፣ አገሪቱ ግብር መሰብሰብ እንኳን የማትችል መሆኗን በዓይኑ አየ። በ1784 የኒው ዮርክ ባንክን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። በ1786 አናፖሊስ፣ በ1787 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀበት የፊላደልፊያ ስብሰባ ላይ ተገኘ። ከዚያ ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ ከማዲሰንና ከጆን ጄይ ጋር 85 ጽሑፎች አሳተሙ፣ 51ዱ የእሱ ናቸው። ኒው ዮርክ በ30 ለ27 አጸደቀች፣ በሦስት ድምፅ!

ሴፕቴምበር 1789 የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆን የተረከበው ዕዳ ነው። የማዕከላዊው መንግሥት ዕዳ ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር፣ የግዛቶቹ ሲደመር ደግሞ ሌላ 25 ሚሊዮን። ገቢው ከምን ይምጣ? ከጉምሩክ። እዚህ ላይ ነው የሴንት ክሮዩ ጸሐፊ ተመልሶ የሚመጣው። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ለየወደቡ የጉምሩክ ሹሞች ደብዳቤ ላከ፣ ኮንትሮባንድ እንዴት ይገባል፣ ጀልባ ያስፈልጋችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ኮንትሮባንድ በደሴቶቹ እንዴት እንደሚሠራ ካደገበት ወደብ ያውቀዋል። በኦገስት 1790 ኮንግረስ 10 የጥበቃ መርከቦች ፈቀደለት። በ1791 ለመርከቦቹ አዛዦች የላከው መመሪያ ላይ ደግሞ የአገራችሁ ሰዎች ነፃ ሰዎች ናቸው፣ ትዕቢት የሚመስል ነገር አይታገሡም፣ በጨዋነት አናግሯቸው ይላል። ከቨርጂኒያ እርሻዎች የመጡት እነ ጄፈርሰን የዕዳና የባንክ ነገር ሲነሳ ይጨንቃቸው ነበር። እሱ በልጅነቱ የጨረሰው ነገር ነው።

ናሆም፣ ሰዎች ረድተውታል ያልከውን አልክድም። ሊያ፣ አንቺ ግን ስለ እሱ ከተጻፈው በፊት የራሱን ደብዳቤዎች አንብቢ። የ1769ኙን፣ ስለ በቅሎዎቹ በ1772 ለክሩገር የጻፈውን፣ ከዚያ ሳሚ የጠቀሰውን የ1781ዱን። በዚህ ቅደም ተከተል።

ሊያ አንባቢ

እሺ ጋሽ መዝገቡ፣ በ1769ኙ እጀምራለሁ። ትዕግሥት፣ ለወንድሙ የጻፈውንም ጨምሬዋለሁ። ናሆም፣ ስለ አጃክስ ሌላ የተጻፈ ነገር ካገኘህ እዚህ አስቀምጥልኝ።